ከውሻው በፊት ደሙ ይጓዛል

ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት እንደሚያስፈልገው የማያውቅ የለም። ከሰውየው ጋር የሚሄደው ውሻ ግን ከጌታው ይልቅ ረዘም ያለ ዝግጅት እንደሚጠይቅ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ለመሆኑ አንድ ውሻ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የአውሮፓ ኅብረት አባል ወደ ሆነ አገር ለመግባት ቢያንስ አራት ወራት ያህል እንደሚፈጅበት፣ ከእርሱም አስቀድሞ ጥቂት ሚሊ ሊትር ደሙ ባሕር ተሻግሮ እንደሚመረመር ስንቶቻችን እናውቃለን?

እኛም ብንሆን ጉዳዩን በወጉ የተረዳነው አንድ ባልደረባችን ከደረሰባቸው ነገር ነው። እኚህ መምህር ባለፈው ዓመት ለከፍተኛ ትምህርት ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አውሮፓ ለመሄድ ሲሰናዱ፣ የስምንት ዓመት ልጃቸው የነበራት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «መቻልስ?» መቻል የቤቱ ውሻ ነው። አባትም «ይሄዳል እንጂ! ክትባቱ እንደሆነ ተቋርጦበት አያውቅም» ብለው ቃል ገቡላት። እውነትም ክትባቱ አልተቋረጠም ነበር። ጉዞው ስድስት ሳምንት ሲቀረው ማይክሮቺፕ አስቀበሩለት፤ ደሙንም አስቀድተው የጤና ወረቀቱን ማሰናዳት ያዙ። ይሁን እንጂ ወረቀቱን የተመለከቱት ባለሙያ ሁለት ቀኖችን አስተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። የክትባቱ ቀን ከማይክሮቺፑ ቀን ይቀድማል፤ ስለዚህ ክትባቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል። ቤተሰቡ በቀኑ ሄደ፤ መቻል ከአያት ጋር ቀረ።

በዚያ ሰሞን በትምህርት ክፍላችን የሻይ ሰዓት ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረም። ግማሾቻችን «ለውሻ ይህን ያህል? ይህ የሀብታም አገር ቢሮክራሲ ነው» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «አንዲት ቀን በእስክሪብቶ ብትስተካከል ማን ይጎዳ ነበር?» ስንል ተከራከርን። ነገሩን ከመረመርን በኋላ ግን ሁለቱም አስተያየቶች ስሕተት እንደሆኑ ተገንዝበናል። እያንዳንዱ ቁጥር፣ እያንዳንዱም የጥበቃ ቀን ከቢሮ ጠረጴዛ የመነጨ ሳይሆን ከቫይረሱ ጠባይ የተቀዳ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረውም ይህንኑ ነው፤ ከዚያም አልፎ ለሚሄደው ውሻ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለሚቀረው ለምን እንደምንነፍገው እንጠይቃለን።

ቁጥሩ ለምን ይቀድማል?

የጉዳዩ ሁሉ መነሻ ሬቢስ፣ በተለምዶ የእብድ ውሻ በሽታ የምንለው ነው። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ ሰውም ሆነ እንስሳ ከሞት የሚተርፈው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ከበሽታው ነፃ የሆነ አገር በሩ ላይ ለቆመው ውሻ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ታዲያ «አንተ ማን ነህ?» የሚል ነው። ቡናማ፣ መካከለኛ ቁመት ያለው፣ ስሙ መቻል የሚል የክትባት ካርድ በከተማችን ላሉ ብዙ ውሾች ይሆናል። የተከተበው ይኸኛው ውሻ ስለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?

ማረጋገጫው ማይክሮቺፑ ነው። ማይክሮቺፕ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ በብርጭቆ የተሸፈነች ቅንጣት ስትሆን በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ከቆዳ ሥር በመርፌ ትቀበራለች። ባትሪ የላትም፤ ብዙዎች እንደሚያስቡትም ውሻው ያለበትን ቦታ አታመለክትም። የምትሠራው የፊዚክስ ተማሪዎች በሚያውቁት ሕግ ነው። የማንበቢያው መሣሪያ በሰከንድ 134,200 ጊዜ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ይህም መስክ በቅንጣቷ ውስጥ በተጠቀለለው ቀጭን ሽቦ ላይ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 የደረሰበት ሕግ ማለት ይህ ነው። ቺፗ በዚያች ኃይል ነቅታ ባለ 15 አኃዝ ቁጥሯን መልሳ ትናገራለች።

እንግዲህ ክትባቱ ቺፑ ከመቀበሩ በፊት ከተሰጠ፣ በዚያን ዕለት መርፌውን የተቀበለው እንስሳ ማን እንደነበር ሊመሰክር የሚችል ቁጥር የለም። በቤተ ሙከራ መለያ ያልተጻፈበት ብልቃጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የኬሚስትሪ ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ የጠራ ቢሆንም እንኳ ከመድፋት በቀር ምርጫ የለም። የመቻልም ክትባት የገጠመው ዕጣ ይኸው ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይዛባም፦ መጀመሪያ ቁጥሩ፣ ቀጥሎ ክትባቱ። ሁለቱ በአንድ ቀን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ክትባቱ ግን ሊቀድም አይችልም።

ሠላሳው ቀንና ሦስቱ ወር

ሁለተኛው ጥያቄ «መከተብህን ሰምተናል፤ ክትባቱ ግን ይዞሃል ወይ?» የሚል ነው። ክትባት መውሰድና በክትባት መጠበቅ አንድ አይደሉም። በሙቀት የተበላሸ ክትባት፣ ያልበቃ መጠን፣ ወይም በውሻው ሰውነት ደካማነት የተነሣ መርፌው ያለ ውጤት ሊቀር ይችላል። ክትባቱ ወደ ሰውነት ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ባዕዱን ነገር ለይተው ያውቁታል፤ ይራባሉ፤ አንቲቦዲ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል ማምረት ይጀምራሉ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ደሙ የሚቀዳው ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀናት በኋላ የሆነውም አንቲቦዲው በበቂ መጠን እስኪደራጅ ድረስ ለመጠበቅ ነው።

የተቀዳው ደም ሴረሙ ተለይቶ ቅዝቃዜውን እንደጠበቀ ኅብረቱ ወደ ፈቀደለት ቤተ ሙከራ ይላካል። በዚህ ሥራ በአውሮፓ ግንባር ቀደም የሆነው ቤተ ሙከራ በፈረንሳይዋ በናንሲ ከተማ ይገኛል። በዚያም ሴረሙ ደረጃ በደረጃ እየቀጠነ በየደረጃው የታወቀ መጠን ያለው ሕያው ቫይረስ ይጨመርበታል፤ ቀጥሎም ቫይረሱ ሊያጠቃቸው የሚችል ሕያዋን ሴሎች ይጨመራሉ። አንቲቦዲው ቫይረሱን ካሸነፈው ሴሎቹ ንጹሕ ሆነው ይቀራሉ፤ ካልበቃ ግን የተጠቁት ሴሎች በተለየ ቀለም አማካይነት በማይክሮስኮፕ ሥር አረንጓዴ ሆነው ያበራሉ። ለማለፍ የሚያስፈልገው መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። ውሻው ራሱ እቤቱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ፣ ጥቂት ጠብታ ሴረሙ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ከእውነተኛው ቫይረስ ጋር ይፋለምለታል ማለት ነው።

ውጤቱ መልካም ሆነ እንበል። ታዲያ ደሙ ከተቀዳበት ቀን አንሥቶ እንደገና ሦስት ወር መጠበቅ ለምን አስፈለገ? ብዙ ባለቤቶችን የሚያስቆጣው ይህ ሲሆን፣ እኛ ግን ከሁሉም የረቀቀው ክፍል ይህ ይመስለናል። ውሻው ከመከተቡ አንድ ሳምንት በፊት በሌላ በታመመ ውሻ ተነክሶ ቢሆንስ? የሬቢስ ቫይረስ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። በዚህ ጉዞ ላይ ሳለ ውሻው ይበላል፣ ይጫወታል፣ ጅራቱን ይቆላል። ክትባቱም አንቲቦዲ ያመነጭለታል፤ ቫይረሱ ግን በነርቭ ውስጥ ተሸሽጎ ሊያመልጥ ይችላል። የደም ምርመራው ክትባቱ መያዙን ይነግረናል እንጂ ይህን ምስጢር አይገልጽልንም። ምስጢሩን የሚገልጸው ጊዜ ብቻ ነው። በውሾች ዘንድ በሽታው ተደብቆ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት እስከ ሦስት ወር በመሆኑ፣ ሦስቱን ወር ጤነኛ ሆኖ የጨረሰ ውሻ ቫይረሱን ተሸክሞ የመሻገር ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ይሆናል።

ሠላሳ ቀንና ሦስት ወር ሲደመሩ አራት ወር ያህል ይሆናሉ። ይህን ሊያሳጥር የሚችል ገንዘብም ሆነ ዘመድ የለም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ! ደግነቱ ግን አንድ ጊዜ የተሳካ የደም ምርመራ፣ ተከታዩ ክትባት ቀኑ ሳያልፍ እየታደሰ እስከሄደ ድረስ፣ ለውሻው ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ስለዚህ የመሄድ ሐሳብ ያለው ሰው ቪዛው ሳይመጣ ቺፑን፣ ክትባቱንና ምርመራውን ቢያስጨርስ ምንም የሚያጣው ነገር አይኖርም።

ከእስር ወደ ልኬት

«ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለእንስሳው ጭካኔ ነው» የሚሉ አሉ። ታሪኩ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ብሪታንያ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ከባሕር ማዶ የሚመጣን ውሻ ሁሉ ለስድስት ወራት በወሸባ ታቆይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 በሽታውን ከምድሯ ብታጠፋም፣ በ1918 ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የሚመለሱ ወታደሮች ደብቀው ባስገቧቸው ውሾች ሳቢያ እንደተመለሰባት ይታመናል፤ እንደገና ለማጥፋትም እስከ 1922 ድረስ ታግላለች። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ ፍሪትዝ የተባለ ከጀርመን የመጣ ውሻ ስድስት ወሩን በወሸባ ጨርሶ ወደ ካምበርሊ ከተማ ከገባ ከዐሥር ቀን በኋላ በዚሁ በሽታ ታሞ ተገኘ። እስር ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ፍሪትዝ አሳየ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ብሪታንያ አሠራሯን ለወጠች። ቺፕ የተቀበረለት፣ የተከተበና ደሙ የተመረመረ ውሻ ወይም ድመት ከተፈቀደላቸው አገሮች ያለ ወሸባ መግባት ጀመረ። ይህን ያስቻለው ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። አንቲቦዲን በአስተማማኝ ሁኔታ መለካት መቻሉ ነው። እንስሳው ከቤቱ ተለይቶ በብረት አጥር ውስጥ በሚያሳልፈው ግማሽ ዓመት ፈንታ ከእግሩ ደም ሥር የምትቀዳ ጥቂት ደም ተተካች። ልኬት ሲሻሻል እስር ይቀንሳል። በእኛ አስተያየት ከዚህ የተሻለ የሳይንስ ውለታ ማግኘት ያስቸግራል።

በእስክሪብቶ ስለሚስተካከለው ቀንም አንድ ነገር እንበል። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ ቡችላ ደንቡን ሳይጠብቅ ከሞሮኮ ተነሥቶ በስፔን በኩል ወደ ፈረንሳይዋ ቦርዶ በመኪና ተወሰደ። ብዙም ሳይቆይ በሬቢስ ሞተ። ባለቤቶቹ ክፉ ሰዎች ስለመሆናቸው የሰማነው ነገር የለም፤ ቡችላውን የወደዱት ይመስለናል። ነገር ግን ከመሞቱ በፊት በየመንገዱና በየበዓሉ ቦታ ብዙ ሰው ደባብሶት ስለነበር ከመቶ በላይ ሰዎች የመከላከያ ሕክምና ሊወስዱ ግድ ሆነ። የሐሰት ማኅተም የጉምሩክ ሠራተኛን ሊያታልል ይችላል፤ ቫይረሱ ግን ማኅተም አያነብም።

ስለ መንገዱ ጥቂት ምክር

መድረሻው ሌላ ከሆነ ደንቡም ይለያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዕድሜው ስድስት ወር ያልሞላውንና ማይክሮቺፕ የሌለውን ውሻ አታስገባም፤ ኢትዮጵያ የውሻ ሬቢስ ከሚያሰጋባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ከዚህ ለሚሄድ ውሻ ተጨማሪ ማስረጃ ይጠየቃል። በአውሮፓ ኅብረት ድመትም እንደ ውሻው ትመረመራለች። ወደ ፊንላንድ፣ አየርላንድ፣ ማልታና ኖርዌይ የሚገባ ውሻ ደግሞ ከመድረሱ ከአንድ እስከ አምስት ቀን በፊት የኮሶ ትል መድኃኒት መውሰድ አለበት። ደንብ ስለሚለዋወጥ የሚጓዝ ሰው የመድረሻውን አገር ባለሥልጣናት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

የእንስሳው አእምሮም መሰናዳት አለበት። የማጓጓዣው ሣጥን ውሻው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት፣ የሚዞርበትና የሚተኛበት ስፋት ሊኖረው ይገባል። ሣጥኑ በጉዞው ማለዳ ሳይሆን ከብዙ ሳምንታት በፊት በሩ ተከፍቶ በቤት ውስጥ ቢቀመጥ፣ ምግቡም በዚያ ቢሰጠው እንስሳው ከወኅኒ ይልቅ እንደ ማረፊያ ይለምደዋል። ድመት ቤቷን የምታውቀው በሽታ ነውና የምትተኛበትን ጨርቅ ሳያጥቡ አብሮ ማስገባት፣ ከደረሰችም በኋላ ለጥቂት ቀናት በአንዲት ክፍል ማቆየት ይረዳታል። ማስተኛ መድኃኒት ሰጥቶ መላክ ደግ ቢመስልም የደም ግፊትንና ሚዛንን ስለሚያውክ በጥቅሉ አይመከርም። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች በተለይ ያሠጋሉ፤ ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነውና የመተንፈሻ መንገዱ የጠበበ ውሻ በሞቃት ሥፍራ ሊታፈን ይችላል።

የሚቀሩትስ?

አሁን ወደ አያት ግቢ እንመለስ። መቻል በአያት ቤት የጥበቃ ወራቱን ሲቆጥር ሳለ፣ ከዚያው ሰፈር አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማንም በማያውቀው ውሻ ተነከሰ። ውሻው ይከተብ አይከተብ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ውሻውም አልተያዘም። አያት ልጁን እጁን ይዘው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለረጅም ጊዜ አጠቡለት፤ ወላጆቹም በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ወሰዱት። ክትባቱን ጀመረ፤ ዛሬም ጤነኛ ነው። ይሁን እንጂ እናቱ ውሻው ምን እንደነበር ሳያውቁ ያሳለፏቸውን ሳምንታት የሚያህል ረጅም ጊዜ በሕይወታቸው እንዳላዩ ነግረውናል።

በአንድ አጥር ውስጥ የሁለት ዓለም ነገር ቆሞ አየን። ከአጥሩ ወዲህ፣ ቁጥሩ ተመዝግቦ፣ ደሙ ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ የተለካ ውሻ አለ። ከአጥሩ ወዲያ፣ ስለ እርሱ አንድም ነገር የማይታወቅ ውሻ ልጅ ነክሶ ይሄዳል። ሩቅ ያለ አገር የራሱን ሕዝብ ከእኛ ውሻ ለመጠበቅ አራት ወር ሙሉ ይለካል፤ እኛ የራሳችንን ልጆች ከዚያው ውሻ ለመጠበቅ በዓመት አንድ መርፌ እንሰስታለን። ለመሆኑ የጎረቤት ልጅ ከባሕር ማዶ ሰው ያንሳልን?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ሬቢስ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው መተላለፍ 99 በመቶው በውሻ በኩል ነው። ከሟቾቹም 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። መፍትሔው ግን አልተሰወረም፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ውሻ ሁሉ ናንሲ ድረስ ደሙን ይላክ አላልንም፤ በየዓመቱ ይከተብ፣ ካርዱም ይጠበቅ እንላለን።

ጉዳቱ በሰው ላይ ብቻ አያበቃም። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና አዋቂው ቁጥሩ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ከእረኞች ጋር ወደ ደጋው በሚወጡ ውሾች አማካይነት በዚሁ በሽታ በተደጋጋሚ ተመትቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በባሌ ተራሮች በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ገደማው አልቀዋል። ባለቤቱን ተከትሎ አንድ ተራራ የሚወጣ ውሻም መንገደኛ ነው፤ የሚያቋርጠው ድንበር ቀበሮው የሚኖርበት ሜዳ ነው፤ በዚያ በር ላይ ግን ወረቀት የሚጠይቅ ማንም የለም።

ስለዚህ ይህን መጽሔት ለሚያነቡ ተማሪዎች የምንለው አጭር ነው። የዓለም የሬቢስ ቀን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 28፣ በመስቀል በዓል ማግሥት ገደማ ይከበራል፤ ዕለቱ በ1885 የመጀመሪያውን የሬቢስ ክትባት ለሰው የሰጠው ሉዊ ፓስተር ያረፈበት ቀን ነው። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የሳይንስ ክበባት በዚያ ሰሞን በየሰፈራቸው ስንት ውሻ እንዳለ፣ ስንቱም የክትባት ካርድ እንዳለው ቢቆጥሩ፣ ውጤቱንም ለቀበሌያቸውና በአቅራቢያቸው ላለው የእንስሳት ሐኪም ቢያቀርቡ ምን ያህል በጠቀመ! ለቆጠራ የሚያስፈልገው እርሳስና ደብተር ነው። በእጅ የማይነካውን ውሻ ግን ከርቀት መቁጠር ይበቃል።

መቻልን በተመለከተ፣ በአምስተኛው ወር ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ በሰላም ደርሷል። አያት ግን ውሻው ከሄደ በኋላ አልተቀመጡም። የመቻልን የክትባት ካርድ ቅጂ ይዘው በሰፈሩ ዕድር ስብሰባ ላይ ቆመው «የእኔ ልጅ ልጅ ውሻ አገር ሊያይ ሲል ይህን ሁሉ አደረግን፤ ለሚቀሩት ልጆቻችን ምን አደረግን?» ብለው ጠየቁ። ስብሰባው የክትባት ቀን ቆርጦ ተነሣ። እኛ ሳይንስን እናስተምራለን የምንል ሰዎች ያንን ጥያቄ ከእርሳቸው ቀድመን መጠየቅ ነበረብን።